ፍራክታላችሁን በትልቁ ለማሳተም ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። በየቀኑ ፍራክታል (ዙም በተደረገ ቁጥር አዲስ ዝርዝር የሚያሳይ፣ ከሒሳብ ቀመር በኮምፒውተር የሚወጣ ምስል) እየሠራችሁ የምታጋሩ፣ «አንዷን መርጬ በትልቁ አሳትሜ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ» የምትሉ ሰዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። በኦንላይን ትእዛዝ የሚቀበሉትን የህትመት ድርጅቶች ታውቋቸዋላችሁ። «የሙዚየም ደረጃ» ይላሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ቻቱ ወዲያው ይመልሳል፣ ከከፈላችሁ በኋላ የውሃ ሽታ ይሆናሉ።

ያዘዝኩት 60 በ90 ሴንቲሜትር ካንቫስ ነው። ምስሉ ከማንደልብሮት ስብስብ ነው፣ በጣም ከታወቁት ፍራክታሎች አንዱ፤ እኛ የባሕር ፈረስ ሸለቆ የምንለው ቦታ ውስጥ ዙም አድርጌ ያገኘሁት ጠመዝማዛ። ቀለሙን ስንት ምሽት እንደለፋሁበት እኔ ነኝ የማውቀው። በኢንች 300 ነጥብ እንዲታተም 7087 በ10630 ፒክሰል አድርጌ፣ ጠርዙ እንዳይሻክር ማለስለሻውን ከፍ አድርጌ፣ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ሲያደርግ፣ ማለትም ምስሉን ከቀመሩ እያሰላ ሲያወጣ አደረ። ፋይሉን ሰቀልኩላቸው። «ደርሶናል፣ ጥራቱ በጣም ጥሩ ነው» አሉኝ። ከዚያ በፊት ግን ዋጋ ስጠይቅ፣ የሥራውን ዓይነት እንዲያዩት ብዬ ለማጋራት ያዘጋጀኋትን ትንሿን ምስል በቻት ልኬላቸው ነበር። ስፋቷ 1080 ፒክሰል ናት። ይህችን ያዙልኝ።

ጥቅሉ መጣ፣ ፈታሁት። ከሩቅ ያምራል። ቀረብ ስል ግን የጠመዝማዛዎቹ ጫፍ ላይ መታየት ያለባቸው ቀጫጭን ክሮች የሉም። በቦታቸው ጭጋግ ነው ያለው። ጠቆር ባለው በኩል ደግሞ ጄፔግ ሲለጠጥ የሚያመጣቸው ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል። ቀለሙ ቢፈዝ ኖሮ አንድ ቃል አልናገርም ነበር፣ ስክሪን ላይ የሚያበራ ሰማያዊ ሲታተም መፍዘዙ ያለ ነገር ነው። ይህ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ዓይኔ ታች በስተቀኝ ጥጉ ላይ አረፈ።

ፊርማዬ።

ለህትመት በላክሁት ፋይል ላይ ፊርማ የለም። ፊርማ የማደርገው በማጋራቸው ትንንሽ ምስሎች ላይ ብቻ ነው። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሌሊቱን ሙሉ የተሠራውን ፋይል ትተው ከቻቱ ላይ ትንሿን አንስተው ለጥጠው አትመዋታል። 1080 ፒክሰል 60 ሴንቲሜትር ላይ ሲዘረጋ በኢንች 46 ገደማ ነው የሚደርሰው። የከፈልኩት ለ300 ነው።

ፋይሌንና የታተመውን ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁላቸው። የመጣው መልስ፣ «ፋይልዎ ከብዶ አልከፈት ስላለን ነው፣ ምስሉ ግን ያው ነው» የሚል ነው። አልከፈት ካለ ለምን አልነገራችሁኝም? «ጥራቱ በጣም ጥሩ ነው» ያላችሁት ምኑን አይታችሁ ነው? ስል ሠራተኛው ምን ቢል ጥሩ ነው፦ «ኮምፒውተር የሠራው ክብ ክብ ነገር እኮ ነው፣ ልዩነቱን ማን ያየዋል?»

ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እኔ አየዋለሁ! ይህን ሥራ የሚወድ ሰው ሁሉ ያየዋል። ፍራክታልን ፍራክታል የሚያደርገው እኮ ያ ዝርዝር ነው። ስብስቡ በስሙ የተሰየመለት የሒሳብ ሊቅ ማንደልብሮት ራሱ በጊዜው በነበሩት ምስሎች ላይ እነዚያ ቀጫጭን ክሮች ስላልታዩት ስብስቡ የተበጣጠሰ ነው ብሎ ገምቶ ነበር፤ አንድ ላይ የተያያዘ መሆኑን በሒሳብ ያረጋገጡት ዱአዲ እና ሀባርድ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው። እነዚያን ክሮች አጥፍቶ «ያው ነው» ማለት ምን ማለት ነው? ቁልፍ ተጭኜ ያወጣሁት ነገር የሚመስለው ሰው፣ ዙሙ የት ቦታ ላይ እንደሚቆም፣ የትኛው ቀለም የት እንደሚገባ፣ ምን ተጥሎ ምን እንደሚቀር የወሰነውን ሰው ድካም አያውቅም። ካላወቀ ደግሞ መጠየቅ ይችል ነበር።

ገንዘቤን ስጠይቅ «በልዩ ትእዛዝ የተሠራ አይመለስም» አሉ። ለሚቀጥለው ትእዛዝ ቅናሽ እንሰጥዎታለን አሉኝ። የሚቀጥለው! ከዚያ ወዲያ መልስ የለም።

ባጭሩ፣ ለማሳያ የምትልኩት ምስል ላይ መሃሉን የሚያቋርጥ ትልቅ ጽሑፍ አድርጉበት፣ አንስተው ማተም እንዳይችሉ። ሙሉውን ከመክፈላችሁ በፊት ከትልቁ ፋይል ላይ አንዲት ቁራጭ በእውነተኛ መጠኗ አትመው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ሌላ ፈልጉ። ፓራሜትር ፋይላችሁንም (ቀመሩ፣ ቦታውና ቀለሙ የተመዘገበበትን) እንዳታጠፉ፤ እሱ ካለ በፈለጋችሁት መጠን እንደገና ሬንደር ታደርጉታላችሁ።