የጨዋታ መሪው መከለያ ምን ይጠቅማል?

ተጫዋቾች የምናብ ገጸ ባሕርያትን ወክለው በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱትን የሚና ጨዋታ የሚመራ ሰው በእሱና በተጫዋቾቹ መካከል መከለያ ማቆም ያስፈልገው እንደሆነ መሪዎች ዘወትር ይከራከራሉ። ጥያቄውን በደፈናው ከማንሳት አንድ የታወቀ መከለያ መመርመር ስለሚሻል፣ አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2017 ዱንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ለተባለው የሚና ጨዋታ አምስተኛ እትም ያወጣውን ባለ አራት ገጽ መከለያ መርጫለሁ።

አሠራሩ የሚያስመሰግን ነው። ከጠንካራ ካርቶን ስለተሠራ ሳይንጋደድ ይቆማል፤ ገጾቹም ወደ ጎን የሰፉ እንጂ ወደ ላይ የረዘሙ ስላልሆኑ መሪው ቀና ሲል የተጫዋቾቹን ፊት ያያል። በውጭ በኩል ያለው ሥዕል ያማረ ቢሆንም ለተጫዋቾቹ የሚጠቅም አንድም ደንብ አልተጻፈበትም፤ ይህን ያህል ሰፊ ቦታ ለጌጥ ብቻ መዋሉ ያስቆጫል።

ዋናው ጥቅም ያለው የደንብ ሰንጠረዦች በታተሙበት በውስጠኛው ገጽ ነው። ጉል የተባለው ጭራቅ በጥፍሩ ቧጥጦ የአንዱን ተጫዋች ገጸ ባሕርይ ሽባ አደረገው እንበል። መሪው መጽሐፍ ማገላበጥ ሳያስፈልገው፣ ሽባ የሆነው ገጸ ባሕርይ መንቀሳቀስም መናገርም እንደማይችል፣ ከ5 ጫማ ባልበለጠ ርቀት ላይ ካለ ጠላት የሚያርፍበት ምት ሁሉ ክሪቲካል (የጉዳቱ ዳይስ በእጥፍ የሚጣልበት ከባድ ምት) እንደሚሆን ከፊቱ ያነባል። ውጊያው በተጋጋለበት ሰዓት ጨዋታው አለመቋረጡ ብቻ ለእኔ የመከለያውን ዋጋ ያወጣል። አንድ ሙከራ እንዲሳካ የዳይሱ ውጤት ሊደርስበት የሚገባውን ቁጥር እንደ ሙከራው ክብደት ከ5 እስከ 30 የሚያሳየው ሰንጠረዥም በተለይ ለጀማሪ መሪ ትልቅ ድጋፍ ነው።

መከለያው የዳይስ ውጤት ለመደበቅ ያስፈልጋል በሚለው ግን አልስማማም። ባለ 6 የሕይወት ነጥብ ጠንቋይ ጎብሊን በተባለ ትንሽ ጭራቅ አንድ ክሪቲካል ምት እስከ 14 ነጥብ ጉዳት ሊደርስበትና ወዲያውኑ ሊሞት ስለሚችል፣ አንዳንዶች ውጤቱን በስውር ማለዘብ ይገባል ይላሉ። ሐሳባቸው ከርኅራኄ የመነጨ መሆኑን እረዳለሁ። ይሁን እንጂ መሪው ሞቱን የማይፈልገው ከሆነ ጎብሊኑን እንዲሸሽ ወይም እንዲማርክ ማድረግ የሚችለው ዳይሱን ከመጣሉ በፊት ነው፤ ከጣለው በኋላ ቁጥሩን ከለወጠ ግን ተጫዋቾቹ በትግላቸው ያገኙት ድል ሁሉ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ የውጊያ ዳይስ በሁሉም ፊት መጣል አለበት። በስውር መጣል ያለበት ውጤቱ ራሱ ምስጢር የሚያወጣው ነው፦ ወጥመድ የሚፈልግ ተጫዋች በዳይሱ ላይ እንደ 3 ያለ ዝቅተኛ ቁጥር መውጣቱን ካየ «ወጥመድ የለም» የሚለውን መልስ አያምንም።

ካርታና ማስታወሻ ለመሸፈንም አራቱን ገጽ ዘርግቶ ግድግዳ መሥራት አያስፈልግም። ሁለቱን ገጾች አጥፎ በቀኝ እጅ በኩል ማቆም ይበቃል፤ ፊት ለፊቱ ክፍት ይሆናል፣ ሰንጠረዦቹም ከዓይን አይርቁም።

ገዢ ሊያስብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 በተሻሻለው ደንብ የገጸ ባሕርያት ድካም አቆጣጠር ተቀይሯል፤ ቀድሞ ስድስቱ ደረጃዎች የየራሳቸው ውጤት ነበራቸው፣ አሁን እያንዳንዱ ደረጃ ከባለ 20 ገጽ ዳይስ ውጤት ላይ 2 ይቀንሳል። በአዲሱ ደንብ የሚጫወት ሰው ለዚያው ደንብ የተዘጋጀውን መከለያ ይግዛ፤ የ2017ቱ በእጁ ካለ ደግሞ በድካም ሰንጠረዡ ላይ አዲሱን ደንብ በወረቀት ጽፎ ይለጥፍበት።