ያገለገለች ሌዘር ጀልባ ከ14 ወር በኋላ፣ ሲያትል ባህር ላይ

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ያገለገለች ሌዘር የምትባል ትንሽ የአንድ ሰው የሸራ ጀልባ (አሁን ኢልካ ነው የሚሏት) በ1,800 ዶላር ገዝቼ ይኸው 14 ወር ሺልሾል ቤይ ላይ ስነዳት ከረምኩ፣ እዚህ ሲያትል ካለነው ሀበሾች የሸራ ጀልባ ያማረው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ርዝመቷ 4.23 ሜትር ነው፣ ባዶዋን 59 ኪሎ፣ ሞተር የላት ምን የላት፣ አንድ ሸራና አንድ መሪ ብቻ። ከ1996 ጀምሮ ኦሎምፒክ ላይ ስላለች መለዋወጫዋ በቀላሉ ይገኛል። አብሯት የመጣው ትልቁ 7.06 ካሬ ሜትር ሸራ ነበር፣ እኔ ደሞ 64 ኪሎ ነኝ፣ ነፋሱ ትንሽ ሲበረታ በቃ ትገለበጣለች። በሁለተኛው ወር ራዲያል የሚሉትን አነስ ያለ ሸራ ከአጭሩ የታች ምሰሶ ጋር ስገዛ ሌላ ጀልባ ሆነች። ውሃም ታስገባ ነበር፣ ምሰሶው የሚቆምበትን ቀዳዳ ውሃ ሞልቼ ስጠብቅ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ወረደ፣ ዕድሜ ነው፣ በኢፖክሲ ሙጫ ደፈንኩትና አሁን ደረቅ ናት።

ከጀልባዋ በፊት ግን ልብሱን አስቡ። እዚህ ባህሩ በጋም ቢሆን ከ13 ዲግሪ ብዙም አያልፍ፣ የመጀመሪያው ድራይ ሱቴ (ውሃ የማያስገባው ሙሉ ልብስ) ዚፑ በሦስት ወሩ ተከፈተና የሸጠልኝ ሱቅ አልቀበልም አለኝ፣ ውሃው ደረቴ ላይ ሲገባ ትንፋሼ ቀጥ ነው ያለው። በዚህ ነገር ርካሽ አትፈልጉ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ሞተር ስለሌላት እንስሳቱ ራሳቸው ይመጣሉ። ሲል የሚባለው ፊቱ ውሻ የሚመስለው እንስሳ ከመሪው ኋላ ሁለት ሜትር ላይ ብቅ ይልና በትልልቅ ጥቁር ዓይኑ ያያችኋል፣ ጢሙ ላይ ያለው ውሃ ሲንጠባጠብ ሁሉ ይታያል፣ ከዛ አፍንጫውን ጥርቅም አድርጎ ይሰምጣል። ትንሽ ዶልፊን የምትመስለውን ፖርፖይዝን ደሞ ከማየታችሁ በፊት ነው የምትሰሟት፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት "ፉፍ" የሚል አጭር ትንፋሽ፣ ከዛ ትንሽዬ ጥቁር ጀርባ፣ ከዛ ምንም። ከዚህ ባህር በ1970ዎቹ ጠፍታ ነበር ማለት ይቻላል፣ የተመለሰችው ከ2000 ወዲህ ነው፣ ያንን ካወቅኩ በኋላ ድምፅዋን በሰማሁ ቁጥር ደስታው ሌላ ነው።

ባህር ዳር ልጅ ሆኜ አጎቴ በታንኳ ይወስደኝ ነበር፣ ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ስንመለስ ዳር ላይ አቁሞ ያደርቀዋል። አባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ብቅ ሲል መቅዘፉን ያቆምና "ዝም በል፣ ቤቱ ነው" ይለኛል።

ጥቅምት ላይ ከዌስት ፖይንት መብራት ቤት ወዲያ ነፋሱ ቆሞብኝ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ኦርካዎቹ (ጥቁርና ነጭ የሆኑት ትልልቅ የዶልፊን ዘመዶች) መጡ። በመጸው ሳልመን የሚባለውን ዓሣ ተከትለው ወደዚህ ይገባሉ። በጣም ሩቅ ነበሩ፣ ግን ውሃው ጸጥ ስላለ ትንፋሻቸው ልክ እንደ አውቶብስ በር ይሰማል፣ ከመሀላቸው የአንዱ የጀርባ ክንፍ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እነዚህ ሳልመን የሚበሉት ኦርካዎች ከ80 በታች ነው የቀሩት፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የዋሽንግተን ህግ 1,000 ያርድ ራቁ ይላል፣ ማለትም ከ900 ሜትር በላይ፣ ሲል የሚበሉትን ሌሎቹን ኦርካዎች ከነሱ በሩቅ መለየት ስለማልችል እኔ ከሁሉም ነው የምርቀው። ያን ቀን ሸራውን ለቅቄ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እስኪያልፉ ጠበቅኩ፣ አጎቴ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ። ነፋሱ ስላልተመለሰ ጎልደን ጋርደንስ የሚባለው የባህር ዳርቻ እስክደርስ ሁለት ሰዓት ቀዘፍኩ፣ ስለዚ ትንሽ መቅዘፊያ ሁሌም ከጀልባዋ ጋር ታስሮ ይኑር።