ሰባት ወር ከቦርሳዬ ያልተለየችው የልብ መመርመሪያ

ከድሬዳዋ ወደ ቢዮ አዋሌና ወደ ዋሂል የምመላለስ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ከመሀል ጣቴ የማትረዝመውን፣ ከስልክ ጋር የምትሠራውን ይህችን የልብ መመርመሪያ በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ሰባት ወር ተጠቀምሁባት።

የገዛኋት በኪውቲ ምክንያት ነው፤ ልብ በኤሌክትሪክ ተነሳስቶ እንደገና እስኪያርፍ ያለው ጊዜ ማለት ነው። እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ያንን ጊዜ ሊያስረዝሙት ይችላሉ። በልብ ምት ፍጥነት ተስተካክሎ ከ500 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ልብ በድንገት ሥርዓቱን የመሳት አደጋው ይጨምራል። ለአንድ የልብ ምርመራ ብሎ ከገጠር ከተማ የሚመጣ ታካሚ ግን እምብዛም አላየሁም።

አሠራሯ ቀላል ነው፦ የሁለቱን እጅ ጣቶች አሳርፎ 30 ሰከንድ ሳይነቃነቁ መቆየት። ችግሩ ያው መድኃኒት እጅ ያንቀጠቅጣል፤ መስመሩም ጭረት በጭረት ሆኖ ይወጣል። ሁለቱን ክንዶች ጭን ላይ በተቀመጠ ትራስ ማሳረፍ እስክለምድ ድረስ ብዙ ልኬት ጥያለሁ። አንድ ወጣት ደግሞ «ሐሳቤን ትቀዳለች ወይ?» ብሎ እጁን ሰበሰበ። አላስገደድሁትም። በራሴ፣ ቀጥሎም በእናቱ ላይ ለክቼ መስመሩን አሳየሁት፤ በሦስተኛው ጉብኝቴ እንድለካው ራሱ ጠየቀኝ።

ትልቁ ቅሬታዬ ስክሪኑ ላይ በአረንጓዴ የሚወጣው «ጤናማ» የሚለው ቃል ነው። የሚናገረው ስለ ምቱ ሥርዓት ብቻ ነው፤ ኪውቲን አይለካም። የመጀመሪያውን ወር በዚያ ቃል ተማምኜ ማሳለፌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን መስመሩን ካሬ ባለው ወረቀት አትሜ ካሬ እቆጥራለሁ፤ አንዷ ትንሽ ካሬ 40 ሚሊ ሰከንድ ናት።

ጫት ሲቅም የዋለ ሰው ላይ ምቱ ስለሚፈጥን ኪውቲን በምት ፍጥነት የማስተካከሉ ሒሳብም ያሳስታል። ምቱ በደቂቃ 100 ደርሶ ኪውቲው 380 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ባዜት በሚባለው የማስተካከያ ቀመር 490 ይወጣል፤ ፍሪደሪሺያ በሚባለው ሌላ ቀመር ግን 450 ገደማ ነው። ስለዚህ ጠዋት፣ ጫት ሳይያዝ እሄዳለሁ።

ጥቅሟን ያወቅሁት በአንዲት እናት ላይ ነው። ክሎርፕሮማዚን ይወስዳሉ፤ ወባ ይዟቸው ክሎሮኪን ተጨመረላቸው፤ እሱም ኪውቲን ያስረዝማል። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቋቸው፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለካኋቸው። ከምት እስከ ምት 20 ካሬ፣ ኪውቲው 12 ካሬ፤ በሁለቱም ቀመር ከ500 በላይ። ስክሪኑ «ጤናማ» ይላል። ኔትወርክ እስካገኝ ጉብታ ወጥቼ ምስሉን ለሐኪሙ ላክሁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ገቡ። የሆስፒታሉ ባለ 12 መስመር የልብ ምርመራም ያንኑ አረጋገጠ፤ መድኃኒታቸው ተቀየረ።

ስም አልመዘግብም፤ የካርድ ቁጥር ብቻ። ባትሪዋን ገና አልቀየርሁም። ለሥራ ባልደረቦቼ ግዟት እላለሁ፤ ስልክ የሚያነሳ ሐኪም ለሌለው ግን አልመክርም።