አይፒኤስ ወይስ ኦሌድ፦ የጌሚንግ ላፕቶፕ ስክሪን ጉድለትን መለየት

ባለ 2560 በ1600 ፒክስል ወይም ከዚያ በላይ ስክሪን ያለው የጌሚንግ ላፕቶፕ ሲገዛ፣ መመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ስክሪኑን መመርመር ያስፈልጋል፤ የሚፈለገው ጉድለት ግን እንደ ፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን እንደሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል፣ ዓይነት ይለያያል። እዚህ የሚነጻጸሩት አይፒኤስ (IPS) እና ኦሌድ (OLED) የተባሉት ሁለት የፓነል ዓይነቶች ናቸው።

አይፒኤስ ብርሃኑን የሚያገኘው ከጀርባው ካለ መብራት ስለሆነ ጥቁር ምስል ሲያሳይም የተወሰነ ብርሃን ያልፋል። ስለዚህ ክፍሉን አጨልሞ፣ ድምቀቱንም ዘወትር በሚጠቀሙበት ልክ አድርጎ ሙሉ ጥቁር ምስል መክፈት ተገቢ ነው፤ ድምቀቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ መፍረድ ጤነኛውንም ፓነል ያስወቅሳል። በማዕዘኖቹ ላይ የሚታየው ፈዛዛ ብርሃን ጭንቅላትን ወደ ጎን ሲያዘነብሉ የሚቀያየር ከሆነ የአይፒኤስ ጠባይ ነው፤ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታይ ከጠርዙ የማይነቃነቅ ከሆነ ግን የጀርባው መብራት ብርሃን እያፈሰሰ ነውና፣ ጨለማ በበዛበት ጨዋታ ላይ የሚረብሽ ከሆነ ላፕቶፑን ከማስለወጥ ወደኋላ ማለት አይገባም።

በኦሌድ እያንዳንዱ ፒክስል (ምስሉን የሚሠራው ትንሽ ነጥብ) በራሱ ስለሚበራ ይኸው ፈተና ብዙም አይጠቅምም። የሚሻለው በጣም ጠቆር ያለ ግራጫ ምስል ከፍቶ መስመሮችንና ወጥ ያልሆነ ቀለምን መፈለግ ነው። ኦሌድ በምላሽ ፍጥነት፣ ማለትም ፒክስሎቹ ቀለም በሚቀይሩበት ፍጥነት፣ አይፒኤስን በግልጽ ይበልጣል፤ ሆኖም እንደ ካርታ ያሉ የማይንቀሳቀሱ የጨዋታ ምልክቶች በረጅም አጠቃቀም ቋሚ ጥላ ሊተዉ ይችላሉ፤ ይህን ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ምርመራ አያሳይም።

የሞተ ፒክስል፣ ማለትም የማይበራ ነጥብ፣ በሁለቱም ላይ በነጭ ምስል ይፈለጋል። አንድን ጨዋታ በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ለሚጫወት ሰው፣ በሚገባ የተመረመረ አይፒኤስን እመርጣለሁ።