ዲስከቨሪን በቅርብ ማየት፦ የኡድቫር ሄዚ ማዕከል ጉብኝት ግምገማ

በቨርጂኒያ ግዛት ቻንቲሊ የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ኡድቫር ሄዚ ማዕከል መግቢያ አያስከፍልም። ኤስአር-71 የተባለውን ጥቁር የስለላ አውሮፕላን አልፎ ወደ ጠፈር አዳራሹ ለሚዘልቅ ጎብኚ ፊት ለፊት የምትታየው 39 ጊዜ ወደ ጠፈር ወጥታ የተመለሰችው የናሳ የጠፈር መንኮራኩር (ሻትል) ዲስከቨሪ ናት። ማዕከሉን ከሁሉ በላይ የማመሰግነው መንኮራኩሯን አዲስ አስመስሎ ከመቀባት ይልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመጨረሻ በረራዋ ይዛው የመጣችውን የቃጠሎ ጠባሳ እንዳለ በመተዉ ነው።

ጎብኚ ጊዜውን መስጠት ያለበት ለሙቀት መከላከያ ጡቦቿ ነው። ወደ 24,000 የሚጠጉት እነዚህ ጡቦች ከሲሊካ ክር የተሠሩ፣ አብዛኛው ይዘታቸው አየር የሆነ እጅግ ቀላል ነገሮች ሲሆኑ፣ መንኮራኩሯ ከባቢ አየርን ሰንጥቃ ስትገባ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፈው ግለት ወደ አሉሚኒየም አካሏ እንዳይዘልቅ ያግዳሉ። ጠጋ ብሎ ለተመለከተ፣ በየጡቡ ላይ የተጻፈው መለያ ቁጥር ይነበባል፤ ብዙ የበረሩት ወደ ግራጫ ሲያደሉ በኋላ የተተኩት ደግሞ ጠቆር ብለው ይለያሉ። ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ይህ ሁሉ ይመረመር፣ የተጎዳውም በእጅ ይተካ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ትበራለች የተባለላት ሻትል ያን ተስፋ ያልፈጸመችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በሻትሎች ታሪክ የአንዲት መንኮራኩር አጭሩ የሁለት በረራ ልዩነት እንኳ የዲስከቨሪ እህት አትላንቲስ በ1985 ያስመዘገበችው 54 ቀን ነበር።

ከኋላዋ የሚታዩት ሦስት የሞተር አፈሙዞች እውነተኞቹ አይደሉም። ናሳ ደጋግመው እንዲሠሩ የተፈጠሩትን የሻትል ሞተሮች ለአርጤምስ የጨረቃ ጉዞ ሮኬት ያስቀራቸው ሲሆን፣ አራቱ በ2022 አንድ ጊዜ ተተኩሰው ከሮኬቱ ጋር ጠፍተዋል። ይህን ሳስብ ከልቤ አዝናለሁ።

በግራ ክንፏ ፊት ቆም ማለትም ያስፈልጋል። ከእህት ሻትሎቿ ቻሌንጀር በ1986 በብርድ በደነደነ የሮኬት ማሸጊያ ቀለበት ምክንያት በተነሣች በ73 ሰከንድ ስትጠፋ፣ ኮሎምቢያ ደግሞ በ2003 ከነዳጅ ታንኩ መሸፈኛ የተላቀቀ ፎም የግራ ክንፏን ጠርዝ ስለበሳው ስትመለስ ተበታትናለች፤ 14 ጠፈርተኞች አልፈዋል። ሻትል ከታንኩ ጎን ተጣብቃ ስለምትነሣ ከላይ የሚወድቅ ነገር ያገኛታል፣ አደጋ ቢደርስም ሠራተኞቹን ነጥሎ የሚያስመልጥ ሮኬት አልነበራትም። በ2020 ሰው መጫን የጀመረችው የስፔስኤክስ ኩባንያ ካፕሱል ክሩ ድራጎን ከሮኬቱ ጫፍ ላይ በመቀመጥና የራሷን ማምለጫ ሞተሮች በመያዝ ሁለቱንም ችግር ፈትታለች፤ ያችው ካፕሱል በዓመቱ ሌሎች ጠፈርተኞችን ይዛ ደግማ በርራለች።

ከሁለቱም አደጋዎች በኋላ፣ በ1988ም በ2005ም፣ በረራውን እንደገና እንድትጀምር የተመረጠችው ዲስከቨሪ ነበረች። ኮሎምቢያ ላይ የተበሳውን ዓይነት ግራጫ የካርቦን ጠርዝ እዚህ ሙሉውን፣ በጥቂት ሜትሮች ርቀት ማየት ይቻላል።