በ«ሱፐር ቱስካን» ስም የሚሸጥ የቅናሽ ወይን፦ ሳትከፍሉ ጀርባውን አንብቡ

«ሦስት ጠርሙስ ሱፐር ቱስካን በእንጨት ሳጥን፣ 90 ዩሮ የነበረው አሁን 29» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። የተቆረጠው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ማንም ከፍሎት የማያውቅ ዋጋ ነው። ሳጥኑና ከባዱ ጠርሙስም ስለ ወይኑ የሚናገሩት ነገር የለም።

«ሱፐር ቱስካን» በጣሊያኗ ቶስካና ክልል ለሚሠሩ ቀይ ወይኖች የወጣ የገበያ ስም ነው እንጂ በጣሊያን የወይን ሕግ ውስጥ የለም። እንደ ሳሲካያ (የመጀመሪያው የገበያ ምርት እ.ኤ.አ. 1968) እና ቲኛኔሎ (1971) ያሉት ወይኖች ካበርኔ ሶቪኞን የተባለው የወይን ፍሬ ስለገባባቸው ወይም ከአካባቢው ደንብ ስለወጡ በተራ የገበታ ወይን ደረጃ ተሸጡ፤ ገበያው ነው ስሙን ያወጣላቸው። በ1992 «አይ.ጂ.ቲ» (IGT) የሚባል፣ ፍሬው የበቀለበትን ክልል የሚጠቁም ደረጃ መጣ። ዛሬ «ቶስካና አይ.ጂ.ቲ» የሚጠይቀው ዋና ነገር 85 በመቶው ፍሬ ከቶስካና እንዲሆን ነው፤ የቅይጡን ዓይነት ለአምራቹ ይተወዋል። ስለዚህ ከመቶ ዩሮ በላይ የሚሸጠው ቲኛኔሎም፣ በጅምላ ተገዝቶ የታሸገው ርካሹም በአንድ ደረጃ ስር ይወጣሉ።

ጠርሙሱን አዙሩት። «ኢምቦቲሊያቶ አሎሪጂኔ» (imbottigliato all'origine፣ «በመነሻው የታሸገ») ካለ ወይኑን ያሸገው ራሱ አምራቹ ነው። «ኢምቦቲሊያቶ ዳ» (imbottigliato da፣ «ያሸገው») ብሎ ከቶስካና ውጭ ያለ ከተማ ከጠቀሰ ወይም በስም ፈንታ ኮድ ብቻ ካስቀመጠ፣ ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ወይን ገዝቶ ያሸገ ነጋዴ ነው። «ቪኖ ሮሶ» (vino rosso፣ «ቀይ ወይን») ብቻ የሚል ከሆነማ ቶስካናን የመጥራት መብት እንኳ የለውም። አንገቱ ላይ ቁጥር ያለው የመንግሥት ወረቀት ባለመኖሩ ግን አትደናገጡ፤ እሱ ግዴታ የሆነው ለ«ዲ.ኦ.ሲ.ጂ» (DOCG)፣ ለከፍተኛው የጣሊያን የወይን ደረጃ ነው።

ውድ የሆነውን በርካሽ የሚያቀርብላችሁንም አትመኑ። በ2020 የጣሊያን የፋይናንስ ፖሊስ ያጋለጠው ሐሰተኛ ሳሲካያ ውስጡ የሲሲሊ ወይን፣ ጠርሙሱ የቱርክ፣ ልጣፉና ሳጥኑ የቡልጋሪያ ነበር።

ሳንጆቬዜ የተባለው የቶስካና ፍሬና ካበርኔ የተቀየጠበት፣ ታኒኑ (አፍ የሚያደርቀው ነገር) ጠንከር ያለ ወይን ከፈለጋችሁ ካርሚኛኖ የተባለውን የቶስካና ወይን ግዙ። ደንቡ ቢያንስ 50 በመቶ ሳንጆቬዜ፣ ከ10 እስከ 20 በመቶ ደግሞ ካበርኔ ያስገድዳል፤ ከ1990 ጀምሮ «ዲ.ኦ.ሲ.ጂ» ስለሆነ የመንግሥቱ ወረቀትም አለው። ስሙ ብዙ ስለማይጮህ ዋጋው አልተጋነነም። የጥቁር ዶሮ ምልክት ያለበት ሌላው የቶስካና ወይን፣ ኪያንቲ ክላሲኮም፣ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ ነው። ጠርሙሱ ላይ «አፓሲሜንቶ» ካያችሁ ግን ከደረቀ ፍሬ የተሠራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለስላሳና ጣፋጭነት ያለው ስለሚሆን ለጥብስ የጠበቃችሁት ጥንካሬ አይገኝበትም።

በሳጥኑ ውስጥ የምትመጣው «ከማንኛውም ምግብ ጋር ይሄዳል» የምትለዋ ካርድ ደግሞ ሌላዋ ማታለያ ናት። ታኒን የሚመጣው ከፍሬው ቆዳና ዘር፣ ከበርሜሉም እንጨት ነው፤ የምራቅን ፕሮቲን ስለሚይዝ ድድ ያደርቃል። ስብና ፕሮቲን ሲያገኝ ግን ይለዝባል። ለዚህ ነው የቶስካናዋ የፍሎረንስ ከተማ ሰዎች እንዲህ ያለውን ወይን ውስጡ ቀይ ከሆነው፣ ከአንድ ኪሎ ከማያንሰው ባለ አጥንት የከብት ጥብሳቸው ጋር የሚጠጡት፤ የከረከሮ ሥጋ ወጥና የቆየ የበግ አይብም ይስማሙታል። ከዓሣ ጋር ብረት ብረት ይላል። ከእኛ ገበታ ስብ ያለው ጥብስ በጥብስ ቅጠልና በጨው፣ ቃሪያው ቀነስ ብሎ፣ ይሄዳል። ዶሮ ወጥና አዋዜ ግን አይሆኑም፦ 14 በመቶ አልኮልና ታኒን የበርበሬውን ቃጠሎ ያባብሱታል፣ ወይኑም መራራ ይሆናል። የጾም ሽሮማ የሥጋ ስብም ስለሚጎድለው ድርቀቱ ብቻ ይቀራችኋል።

ከመጠጣታችሁ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ወደ ሰፊ ማንቆርቆሪያ ገልብጡት፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ከፍሪጅ እንደወጣ ከጠጣችሁት ጎምዛዛነቱ ይብሳል።

ቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ፦ በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከሚሠራ ሻጭ በኦንላይን የተገዛ ወይን ሳይከፈት፣ ከደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ሻጩን በጽሁፍ አሳውቃችሁ ያለ ምክንያት መመለስ ይቻላል። ሱቅ ገብታችሁ የገዛችሁትን ይህ መብት አይሸፍነውም።