ግድባችንን ያየልን ኢንጂነር፣ ከ5 4 ኮከብ

ለከብቱም ለአትክልቱም የምንጠቀምባት የራሳችን ትንሽ የአፈር ግድብ አለችን፣ ክረምት ሳይገባ ቼክ ትደረግ ብዬ ኢንጂነር አስጠራሁ። ፎቶ አንስቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፣ ሰውዬው ግን ግማሽ ቀን ሙሉ በእግሩ ዞራት፣ ከግድቧ ግርጌ ውሃ የሚያዣበት ቦታ አገኘና በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ወደ ፀሐይ አድርጎ አሳየኝ፣ ጥርት ያለ ነው። «ይሄ የደፈረሰ ቀን አፈሩን ከውስጥ እየበላው ነው ማለት ነው፣ ወዲያው ውሃውን አጉድሉና ደውሉልኝ» አለኝ። ግድቧ ላይ የበቀለውን ባህር ዛፍም አልወደደውም፣ ስሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ማስተንፈሻው፣ ማለትም ግድቧ ስትሞላ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ነው፣ በደለልና በሳር ተደፍኗል፣ የአፈር ግድብ ደግሞ ውሃ በላዩ ከፈሰሰ አለቀለት። ትንሽ ናት ምን ታመጣለች እንዳትሉ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ኬንያ ሶላይ ላይ የግል እርሻ ግድብ ማታ ተደርምሶ ከ40 በላይ ሰው ገድሏል፣ ከኛም በታች ሰው የሚኖርበት ቤት አለ።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት ሪፖርቱ 3 ሳምንት ስለዘገየና በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ ነው፣ ግድቧን በየቀኑ የሚያያት ጥበቃው ነው፣ እሱ የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋል።